ባሕር ዳር መኖር ብቻውን ንጹሕ አየር አይሰጥም

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። በእስራኤል ከሃይፋ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በባሕር ወሽመጡ ዙሪያ ስላሉት፣ ክራዮት ስለሚባሉት ከተሞች ነው የሚያወራው፤ ስለ ክርያት ያም፣ ክርያት ሞትስኪን፣ ክርያት ቢያሊክና ክርያት አታ። ጸሐፊው በመሐል አገርና በኢየሩሳሌም ያሉ ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችንን፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉትን፣ “ወደዚህ ኑ” ይላሉ።

ምክንያታቸው ባጭሩ ይህ ነው። የባሕሩ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ አየሩን ይጠርጋል። አንዳንዴ የሚመጣው የሐምሲን፣ የሞቃቱ የበረሃ ነፋስ፣ አቧራ የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም። በክረምት፣ በዚህ አገር በነጃንዋሪ ማለት ነው፣ ዝናቡ ሁሉን ያጥባል። ችግር ካለ ከነዳጅ ማጣሪያው ነው፣ እሱም ሊዘጋ ነው። እስከዚያው መስኮት ዘግቶ ማዝጋን፣ የቤቱን አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ፣ መክፈት ይበቃል። ደግሞስ ስልክ ላይ ያለው የአየር መለኪያ ምን ጊዜም ጥሩ ነው የሚለው።

እኔ የምኖረው ክርያት ያም ነው። ሰፈሬን እወዳለሁ፣ ማንም እንዳይመጣም አልከለክልም። ግን ትንፋሽ ለሚያጥረው ልጅ ቤት የሚፈልግ ወላጅ ግማሹን ብቻ ሰምቶ መምጣት የለበትም። የዚህ አካባቢ አየር በወቅትና በሰዓት የሚለዋወጥ ነው። ጸሐፊው አንዱን ሰዓት ወስደው የዓመቱ መልክ አድርገውታል።

ነፋሱ ጠራርጎ የት ይወስደዋል?

በዚህ ነጥብ ግማሹን እስማማለሁ። በዚህ አገር በጋ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነሣል። ረፋድ ላይ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ክርያት ያም ባሕሩ አፍ ላይ ስለሆነች ያን ሰዓት የሚደርሳት አየር የሰፈሩን መኪናና ፋብሪካ ገና አልነካም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የተጠረገው ጭስ ግን አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። ማጣሪያውና የፔትሮኬሚካል ፋብሪካዎቹ ያሉት በወሽመጡ ደቡብ በኩል፣ የኪሾን ወንዝ አጠገብ ነው። የቀኑ የባሕር ነፋስ የእነሱን ጭስ ወደ ውስጥ፣ ወደ ነሸርና ወደ ክርያት አታ አቅጣጫ ይገፋዋል። የሚገርመው ጸሐፊው ክርያት አታንም ከእኛ ጋር አብረው ማወደሳቸው ነው። ክራዮት አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ አየር የላቸውም። የእኛ ጥሩ ሰዓት የእነሱ መጥፎ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ይሞታል። ሌሊት መሬቱ ከባሕሩ ቀድሞ ይቀዘቅዝና አየሩ ተገልብጦ ከየብስ ወደ ባሕር መንፈስ ይጀምራል። ያኔ ወደ እኛ የሚመጣው በመንገዱና በኢንዱስትሪው ላይ ያለፈ አየር ነው። ዝናብ ይዞ የሚመጣው የክረምት ደመና ከመድረሱ በፊት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ይነፍሳል። ከማጣሪያው አንጻር ክርያት ኻይም፣ ክርያት ያምና ክርያት ቢያሊክ በስተ ሰሜን ናቸው። ስለዚህ የደቡብ ነፋስ ቀጥታ ወደ እኛ ያመጣዋል። እዚህ የቆየ ሰው ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ አፍንጫው ይነግረዋል።

ሌላም አለ። ጸሐፊው ባሕር ላይ ፋብሪካ የለምና ከዚያ የሚመጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለው አስበዋል። በበጋ ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚነፍሰው ሰፊው ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚነሣው፤ ከምሥራቅ አውሮፓና ከቱርክ በኩል። በመንገዱ የዚያን አካባቢ የሰልፌት ብናኝና ኦዞን የተባለውን ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይዞ ይመጣል። ይህ ለእስራኤል ብቻ የመጣ አይደለም፣ ቆጵሮስም ሊባኖስም ይደርሳቸዋል። መርከቦቹም አሉ። የሃይፋ ወደብ ድሮም ሥራ የሚበዛበት ነበር፣ በ2021 ደግሞ ወደ ክራዮት የተጠጋው አዲሱ የወሽመጡ ወደብ ተከፍቷል። መርከብ ቆሞም ቢሆን ለመብራቱና ለማቀዝቀዣው ሞተር ያስነሣል። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል መሻሻል አለ። የመርከብ ነዳጅ የሰልፈር መጠን ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ በ2020 መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ግዴታ ሆነ። ለሜዲትራኒያን ደግሞ ከሜይ 2025 ጀምሮ ወደ 0.1 በመቶ ወርዷል። ጸሐፊው ባሕሩን ለማመስገን ከፈለጉ ከነፋሱ ይልቅ ይህን ደንብ ቢያመሰግኑ ያስኬድ ነበር።

በበጋ ሰማዩ ላይ የማይታይ ክዳንም አለ። ከላይ የሚወርድ ሞቃት አየር ከባሕሩ በሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ላይ ይተኛበታል። በባሕር ዳር ይህ ክዳን ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የካርሜል ተራራ ጫፍ ራሱ 546 ሜትር ነው። አስቡት፣ የከተማው ሁሉ ጭስ የሚደባለቀው በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። በኦገስት ዝናብ የለም፣ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፣ የመኪናና የፋብሪካ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን እየተለወጠ ኦዞን ይሠራል። ኦዞኑ የሚበዛው ደግሞ ጭሱ ከወጣበት ይልቅ ነፋሱ ከወሰደው በኋላ፣ ወደ ውስጥና ወደ ኮረብታው ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው በዚህ አንድ ነገር ላይ በእርግጥ ሊጠቀም ይችላል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር፤ አላነሡትም።

አቧራ ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም?

ይህ ነጥብ ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ።

ሐምሲን ወይም ሻራቭ የምንለው በዋናነት ከማርች እስከ ሜይ ይመጣል። ዝቅተኛ ግፊት የሰሜን አፍሪካን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ከፊቱ የሰሐራን ሞቃት አየርና አቧራ ይነዳል። ባሕር ዳር ላይ በዓመቱ በጣም ሞቃት የሆኑት ቀናት ብዙ ጊዜ የሚመጡት በኦገስት ሳይሆን በዚህ ወቅት ነው። ርጥበቱ ይጠፋል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ድንገት ነፋሱ ተገልብጦ ከምዕራብ ይመጣና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። በጠዋት እጅጌ አጭር ለብሶ የወጣ ሰው ማታ ሹራብ ይፈልጋል።

በመጸውም አቧራ አለ፣ ያኔ ግን ከምሥራቅ ነው። በሴፕቴምበር 2015 ከሶርያና ከኢራቅ በኩል የተነሣው አቧራ አገሩን ለቀናት ሸፍኖት ነበር። በአንዳንድ የመለኪያ ጣቢያዎች የብናኙ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር በሺሕ የሚቆጠር ማይክሮግራም ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ብናኝ የቀኑ አማካይ ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል። መመሪያው የተፈጥሮ አቧራና የሰው ጭስ ብሎ ሁለት መስፈሪያ አላስቀመጠም። ሳንባም አይለይም። የአቧራ ቀናት ሲመጡ የአስምና የልብ ሕመምተኞች ወደ ሆስፒታል መሄዳቸው እንደሚጨምር በብዙ አገር ታይቷል። አቧራው ብቻውን አይመጣም፤ ባለፈበት መንገድ የከተማ ጭስና ጀርም ተሸክሞ ነው የሚደርሰው።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ነገር አለ። አቧራውን መንግሥት በሕግ ሊያስቆመው አይችልም። ልጅን ግን በዚያ ቀን ከሜዳ ማስቀረት ይቻላል። አይጎዳም የሚለውን ያመነ ወላጅ ልጁን ኳስ እንዲጫወት ይልከዋል፤ ችግሩ ይሄ ነው።

ከአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) እስከ ስግድ ያለውን የመጸው ጊዜ ጸሐፊው ጨርሰው ዘለውታል። በእኔ ግምት ግን የዓመቱ አስጊ ጊዜ ይህ ነው። ዝናቡ ገና አልመጣም፣ ሣሩና ጫካው ከኤፕሪል ጀምሮ ሲደርቅ ከርሟል፣ ደረቁ የምሥራቅ ነፋስም ይነሣል። አንዳንድ ዓመት ዝናቡ ከስግድም በኋላ ይዘገያል። በዲሴምበር 2010 የካርሜል ጫካ ሲቃጠል 44 ሰዎች የሞቱት በእንደዚህ ያለ የዘገየ ዓመት ነበር። በኖቬምበር 2016 ደግሞ እሳቱ ሃይፋ ከተማ ውስጥ ገብቶ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። የባሕሩ ነፋስ ያን ቀን አልደረሰልንም። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነበር።

ክረምት ሁሉን ያጥባል?

ዝናብ ያጥባል፣ አዎ። ከዝናብ በኋላ ያለው ቀን በዓመቱ ምርጡ ነው፤ አንዳንዴ ከባሕሩ ዳር ቆሞ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሄርሞንን ተራራ በረዶ ማየት ይቻላል። ግን ክረምት ማለት ዝናብ ብቻ አይደለም። በሁለት ዝናብ መካከል ፀጥ ያሉ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊታቸው የሚቀዘቅዝ ቀናት አሉ።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ኅዳር ሲታጠን ምን እንደሚመስል ያስታውሳል። ቆሻሻው በየደጁ ይቃጠላል፣ ጭሱ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ ጣራ ላይ ይተኛል። በክራዮትም የጃንዋሪ ንጋት ነገሩ እንደዚያ ነው። ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል፣ መሬት የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሞቆ ይቀራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ አይነሣም። የበጋው ክዳን መቶዎች ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ የክረምት ሌሊቱ ክዳን ፎቆቹን ትንሽ አልፎ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ አውቶቡሶችና መኪኖች መንገዱን የሚሞሉት በዚህ ሰዓት ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ክዳኑ ይፈርሳል፣ አየሩም ይሻላል። እንግዲህ ዝናቡ ያጠበውን ጠዋት በጠዋት መልሰን እናቆሽሸዋለን።

ላግ ባኦሜርንም እዚህ ልጨምረው። ፀደይ ላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ በየሜዳው እሳት ይነዳል። የበዓሉን ደስታ ለመንፈግ አይደለም። ግን የብናኝ መለኪያዎቹ በዚያ ሌሊት በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ያንንም ከባሕር የሚመጣ ነፋስ አያድነውም፤ ሌሊት ነውና ነፋሱ ተኝቷል።

ሁሉም ነገር የማጣሪያው ነው?

ማጣሪያውን ልከላከል አልመጣሁም። በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ከኢራቋ ኪርኩክ የሚመጣውን ነዳጅ ለማጣራት ተሠራ፤ ከተማው ደግሞ ዙሪያውን እየከበበው አደገ። መንግሥት በማርች 2022 ፋብሪካዎቹ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከወሽመጡ እንዲነሡ ወስኗል። እኔም ቢነሡ ደስ ይለኛል።

ግን ጸሐፊው እሱ ሲዘጋ ነገሩ አለቀ ብለዋል። ዮም ኪፑርን ይመልከቱ። በዚያ ቀን መኪና ይቆማል። ማጣሪያ እንደ መኪና ማታ በቁልፍ ጠፍቶ ጠዋት የሚነሣ ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያ ቀን በከተሞች የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን በእጅጉ ይወድቃል፣ በዓሉ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ የምንተነፍሰው ጭስ ትልቅ ድርሻ ከጭስ ማውጫ ማማው ሳይሆን ከመኪናችን ነው። የወደቡ የጭነት መኪኖችም አሉ። ሃይፋ በ2018 አሮጌ ናፍጣ መኪኖችን ከከተማው መከልከል የጀመረችው ይህን አይታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ብዙው ነገር ማጣሪያው ሳይዘጋ መሻሻሉ ነው። የንጹሕ አየር ሕግ በ2008 ወጥቶ በ2011 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የኤሌክትሪክ ማመንጫውና ማጣሪያው ከከባድ ነዳጅ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሩ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድም በጣም ወረደ። የቀረው ከነዳጅ የሚተነው ጋዝና ደቃቁ ብናኝ ነው። እነዚህ ደግሞ በዓይን አይታዩም። ስንቱ ሰው ከአውራ ጎዳናው ላይ ይታዩ የነበሩትን የማጣሪያውን ሁለት ትልልቅ ማማዎች እያየ “የሚገድለን ይሄ ነው” ሲል ሰምቻለሁ! የማቀዝቀዣ ማማዎች ነበሩ፤ በሥራ ዘመናቸው ያወጡት የነበረው የውሃ እንፋሎት ነው። አንደኛው በ2020 ተደርምሷል። የአየሩ መለኪያ በዚያ ምክንያት ቅንጣት አልተሻሻለም።

መስኮት ዘግቶ ማዝጋን መክፈት

ይህ ምክር በአቧራ ቀን ለጥቂት ሰዓት ይሠራል። እንደ ኑሮ ዘዴ ግን ጎጂ ነው፣ ለእኛ ቤቶች ደግሞ በተለይ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ማዝጋን ከውጭ አየር አያስገባም። የቤቱን አየር ራሱን እያዞረ ያቀዘቅዛል ወይም ያሞቃል። ወንፊቱ ጥጥና ፀጉር ይይዛል፣ ደቃቁን ብናኝ አይዝም። ስለዚህ ዘግተን ስንቀመጥ የምንተነፍሰው ቤት ውስጥ የሠራነውን ነው።

ቤት ውስጥ ምን እንሠራለን? እዚህ ላይ እርስ በርሳችን በግልጽ እንነጋገር። ቡና እናፈላለን፣ ፈንዲሻው ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቡናውን በጋዝ የሚያፈላው ብዙ ነው፤ ዕጣኑ ግን ፍም ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከሰሉንም አልተወም። አገር ቤት ይህ የሚደረገው በር ተከፍቶ፣ ደጅ ላይ ወይም ጣራው በሚያስተነፍስ ቤት ነው። ክርያት ያም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በጃንዋሪ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቲሪሱ (የመስኮቱ መጋረጃ መዝጊያ) ወርዶ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። የዕጣን ጭስ ደቃቅ ብናኝ ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ከመንገዱ ጭስ ይብሳል። የከሰል ፍም ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ከሰል ቤት ውስጥ ጨርሶ አይግባ። ዕጣኑን እናቶቻችን ይተዉ አልልም፤ ማንስ ደፍሮ ይነግራቸዋል! መስኮቱ ግን ይከፈት፣ አስም ያለበት ልጅም ሌላ ክፍል ይሁን።

ሻጋታውም ከመዝጋት ነው የሚመጣው። የድሮዎቹ የሽኩን (መንግሥት ያሠራቸው የመኖሪያ) ሕንጻዎች ግድግዳ ስስ ኮንክሪት ነው፣ ክረምት ይቀዘቅዛል። የምግቡ እንፋሎት፣ የሻወሩ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ፣ ሁሉም ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁሩ ነገር ይወጣል። የሻጋታ ብናኝ አስም ከሚቀሰቅሱት ዋናዎቹ አንዱ ነው። ከኢየሩሳሌም ለአየሩ ብሎ የመጣ ቤተሰብ እዚህ ሻጋታ ያለበት ቤት ከተከራየ ጉዞው ሁሉ ከንቱ ነው።

መቼ ነው የሚከፈተው? በበጋ ከረፋድ ጀምሮ፣ የባሕሩ ነፋስ ሲነሣ። በክረምት ቀትር ላይ፣ ወይም ከዝናብ በኋላ። የሚዘጋው በአቧራ ቀን፣ በክረምት ንጋት፣ እና የደቡብ ነፋስ ሽታ ሲያመጣ ነው።

መለኪያው ጥሩ ይላል

የመጨረሻው ነጥባቸው አጭር ነው፣ መልሴም ያጥራል። የእስራኤል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ቁጥር ከሌላው ዓለም የተገለበጠ ነው። ንጹሑ አየር 100 ነው፣ እየቆሸሸ ሲሄድ ይወርዳል፣ ከዜሮ በታችም ይገባል። ስልክ ላይ ያሉት የውጭ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ የአሜሪካኑን ስሌት ይከተላሉ፤ እዚያ ዜሮ ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቆሻሻ ነው። በሚኒስቴሩ 80 ማለት ጥሩ ነው። በስልኩ 80 ማለት መካከለኛ ነው፣ ለአስም ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል። አንዱን በሌላው መስፈሪያ ያነበበ ሰው በመጥፎው ቀን ልጁን ሜዳ ላይ ያሰማራል።

ደግሞ “የሃይፋ” የሚለውን አንድ ቁጥር አይዩ። የሃይፋ ወሽመጥ በአገሩ የመለኪያ ጣቢያ ከተደረደረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሰፈሩን ጣቢያ ለይቶ በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በየሰዓቱ ማየት ይቻላል። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የክረምቱን ንጋትና የበጋውን ከሰዓት ለየብቻ ተመልከቱ። ቤቱን ራሱን ለማየት ደግሞ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ኑ። በኦገስት ከመጣችሁ ባሕሩ ያታልላችኋል፣ ሻጋታውም በቀለም ተሸፍኖ ይጠብቃችኋል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ፣ አከራዩ ቢቆጣም።